መርዶ ይዤ ወደ መቻራ

ከመቻራ ከተመለስኩ ወዲህ ሰፈራችን ውስጥ ስለ ሐረርጌ ያልጠየቀኝ የለም። "ሙቀቱ እንዴት ነው? ጫቱስ እዚያ ርካሽ ነው አሉ?" ይሉኛል። እኔ የጫት ዋጋ አልጠየቅኩም። የሄድኩት መርዶ ይዤ ነው፤ ያውም አይቻት ለማላውቅ እናት፣ በማልችለው ቋንቋ። መቼም እዚያ ድረስ የምትሄዱ ብዙ አትሆኑምና መንገዱንም ሰዉንም እንዳገኘሁት ልንገራችሁ።

ልጅቷ ኢፍቱ ትባላለች። ቱርክ አገር፣ አንታክያ በምትባል ከተማ፣ አንድ የሳሙና መቀቀያ ቤት አብረን ተቀጥረን እንሠራ ነበር። እኔ የጉለሌ ልጅ ነኝ፣ እሷ የመቻራ። አንድ ክፍል ተከራይተን፣ ከአንድ ድስት እየበላን፣ ስንጣላም ስንታረቅም በዚያችው ክፍል ውስጥ ኖርን። ያ ከተማውን ያወረደው የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ እሷ ሞተች፣ እኔ ተረፍኩ። ፓስፖርቴ ፍርስራሹ ውስጥ ስለቀረ ወረቀቴ ተስተካክሎ አገሬ እስክገባ ወራት ፈጀ። ቺሮ ለሚኖሩት አጎቷ ለሀጂ ሙሜ ግን ከዚያው ሆኜ ደውዬ ነግሬያቸው ነበር።

"በስልክ መርዶ አይነገርም ልጄ" አሉኝ ያን ጊዜ። "እህቴ ካላየ ሰው አፍ ብትሰማ አታምንም። ያየሽው አንቺ ነሽ። ስልኳ ጠፍቶ ነው፣ ራሷ ሆስፒታል ተኝታለች እያልኩ እስክትመጪ አቆያታለሁ።"

እናትየው፣ በአገሩ ቋንቋ አዴ ዘይነባ የሚሏት፣ ይህን ይዛ ወራቱን ሁሉ ጠበቀች። እኔም ከአውሮፕላን እንደወረድኩ ብዙ ሳልቆይ ለመንገዱ ተነሳሁ።

አንደኛው ቀን፤ ከአዲስ አበባ ቺሮ

መናኸሪያ ስደርስ ጠሪው "አሰበ! አሰበ! አሰበ!" ይላል። "እኔ የምሄደው ቺሮ ነው" ስለው "እሱው ነው እናቴ፣ ግቢ" አለኝ። የድሮ ስሟን አሰበ ተፈሪን ገና አልተዋትም። ገብቼ በሩ አጠገብ ካልተቀመጥኩ ብዬ ክርር አልኩ።

"እሱ ለሽማግሌ የተያዘ ነው" አለ ረዳቱ።

"እንግዲያው አሮጊት ናት በለኝ።"

ሳቁብኝ፣ ግን ቦታውን ለቀቁልኝ። ከአንታክያ ወዲህ ከበር ርቄ መቀመጥ አልችልም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ስሄድ ከደጁ አልርቅም።

አዳማን፣ መተሐራን አልፈን አዋሽ ላይ ለምሳ ወረድን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። የፍየል ጥብስ አዘዝኩና ሁለት ጉርሻ እንደበላሁ ኢፍቱ ትዝ አለችኝ። አንታክያዎች ቁርሳቸውን በወይራ ፍሬ ነው የሚበሉት። ኢፍቱ መጀመሪያ ቀን ያንን ሰሃን አይታ "እኛ አገር ይሄን ፍየሏ ትበላለች፣ እኛ ፍየሏን እንበላለን" ብላ አሠሪያችንን በምልክት ለማስረዳት ሞከረች። ሴትየዋ ፍየል የጠየቀቻት መስሏት ስታዝን ዋለች። ይህን እያሰብኩ ብቻዬን ስስቅ አብሮኝ ያዘዘው ሰውዬ ወንበሩን ራቅ አደረገ።

ከሚኤሶ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ይጀምራል። ማሽላው እስከ ተራራው ወገብ ወጥቷል። ቺሮ ስንደርስ ደስ አለኝ፤ እንደ ጉለሌ ተራራ ከጀርባዋ ያላት ከተማ ናት። ባጃጁ ግን ከጉለሌም ይብሳል፤ እግር ማሳረፊያ የለም።

ሆቴል ገብቼ "ምድር ቤት ስጪኝ" አልኳት እንግዳ ተቀባይዋን።

"ፎቁ ላይ አየር አለ እኮ፣ እህቴ። ምድር ቤት የመኪና ጩኸት ነው።"

"ጩኸቱን እወደዋለሁ" አልኩና ቁልፉን ወሰድኩ።

ሻወር ገብቼ ራሴን ሳሙና እንደተቀባሁ መስታወቱ ተንጫጫ፣ ወለሉ እግሬ ስር ተርገፈገፈ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እነሱ ናቸው የነገሩኝ። ፎጣ ብቻ ጠቅልዬ፣ አረፋው ዓይኔ ላይ እየወረደ፣ ግቢው መሐል ወጥቼ "ዴፕረም! ዴፕረም!" እያልኩ ጮህኩ። በቱርክኛ የመሬት መንቀጥቀጥ ማለት ነው። ሻይ የሚጠጡት ሰዎች ብርጭቋቸውን እንደያዙ ቀሩ። እንግዳ ተቀባይዋ ከአንዱ ጠረጴዛ ላይ ልብሱን መንጭቃ አለበሰችኝ።

"አይሱዙ ነው እኮ! ጫት ጭኖ ሲሮጥ እንዲህ ነው፣ አይዞሽ!"

ሰዉ ሳቀ፤ መሳቅም ሲያንሰው ነው። ደግሞ ግቢው መሐል ቁጭ ብዬ ስቀር ሳቁ ቀጥ አለ። አንዱ ሽማግሌ "አላህ ይጠብቅሽ" ብለው ሻያቸውን ሰጡኝ። መምጣቴን ደውዬ ነግሬያቸው ነበርና ሀጂ ሙሜ የደረሱት በዚህ መሐል ነው። ረጅም፣ ፂማቸውን ሂና የተቀቡ ሰው ናቸው። እኔ በጠረጴዛ ልብስ ተጠቅልዬ፣ ፀጉሬ አረፋ እንደሆነ፣ "የኢፍቱ ጓደኛ እኔ ነኝ" አልኳቸው። እሳቸው ግን ምንም እንዳላዩ ሆነው "እዚህ አታድሪም፣ ቤትሽ አለ" አሉኝ። ሻንጣዬንም ራሳቸው አነሱ።

ሁለተኛው ቀን፤ ቺሮ

የሀጂ ቤት ከሱቃቸው ጀርባ ነው፤ ከሱቁ የምስማርና የላስቲክ ሽታ ይመጣል። ጠዋት ባለቤታቸው ሆጃ አፍልተው አመጡልኝ። ሆጃ የቡና ገለባ በወተት ነው። "ቡናውን ምን አደረጋችሁት?" ብላቸው "ለአዲስ አበባ ሸጥነው፣ ለእኛ ገለባው ይበቃል" ብለው አሳቁኝ።

ቁርስ ካለቀ በኋላ ሀጂ በሩን መለስ አድርገው "በይ ንገሪኝ" አሉ። "እህቴ ፊት ስትናገሪ የመጀመሪያሽ እንዳይሆን።"

ነገርኳቸው። ክረምት ላይ ሳሙናው ሌት ተቀን ይቀቀላል፤ ያን ሳምንት የሌሊቱ ተራ የእኔ ነበር፣ ኢፍቱ ቤት ተኝታለች። ሊነጋጋ ሲል ጉድጓድ የሚያህለው ድስት ዝም ብሎ ወዲያና ወዲህ መላጋት ጀመረ። የፈላው ዘይት ተደፋ። ቤቱ ቆርቆሮ ስለሆነ ወጣን። ዝናብ አለ፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ መብራት የለም። ወደ ቤቴ ስሮጥ ሰፈሬን አጣሁት። ፎቃችን ጣሪያ ላይ የነበረው የዲሽ ሰሃን ወገቤ ጋ ነበር፤ በእጄ ነካሁት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

"እዚያ ሰው ሁሉ ዘመዱን ይዞ ይጮሃል" አልኳቸው። "እኔ ማንን ልያዝ? ለምኜ ለምኜ ሰዎች መጡ። ያባንጂ ይሉኛል፣ ባዕድ ማለት ነው። ስሟን መጥራት አልቻሉበትም። ሁሉም ዝም ይበል ብለው፣ ሞተሩን አጥፍተው፣ 'አንቺው ጥሪያት' አሉኝ። እሷ ባስተማረችኝ፣ በራሷ ቋንቋ፣ ኢፍቱ ኮ፣ ኢፍቱ ኮ አልኩ። የእኔ ኢፍቱ።"

"ድምፅ ሰጠች?"

"አልሰጠችም።"

ሀጂ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። "አልሃምዱሊላህ" አሉ። "አልተሰቃየችም ማለት ነው።" ከዚያ አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ። ባለቤታቸው መጥተው ሁለታችንንም ተቆጡን፣ ጎረቤት ይሰማል ብለው።

ከሰዓት በኋላ የጉዞውን ሥርዓት አስረዱኝ። ነገ ማታ ማንም ሳያየን መቻራ ገብተን፣ ዘመድ ቤት ተደብቀን አድረን፣ ከንጋቱ የሱብሂ ሰላት በኋላ ከሽማግሌዎች ጋር እንሄዳለን። መርዶ የሚነገረው እንደዚያ ነው። "መንገድ ላይ ሰው 'ነጋ?' ቢልሽ" አሉኝ፣ "'ነጋ' በይ። ሰላም ነው ማለት ነው። በሆድሽ የተሸከምሽው ምንም ይሁን፣ እኛ ዘንድ ሰላም ይቀድማል፤ ክፉው ኋላ ይነገራል።"

እኔ ባማርኛዬ ነጋ ማለት ፀሐይ ወጣ ማለት ስለሆነ ቃሉ ቀለለኝ። ሱቁ ውስጥ ለሚገባው ሁሉ "ነጋ፣ ነጋ" እያልኩ ስለማመድ ዋልኩ። ሀጂም "ጎበዝ፣ ሐረርጌ ሆነሻል" አሉኝ።

ሦስተኛው ቀን፤ ወደ መቻራ

በሚኒባስ በማለዳ ወጣን። ሀጂ መሐል፣ እኔ እንደ ልማዴ በሩ ላይ። በዴሳን ሳናልፍ ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫው ጎማ ከፈነዳው ይብስ ነበር። ሾፌሩን "ይሄን ይዘህ ነው ሰው የምትጭነው?" ብዬ ጮህኩበት። እሱም ሳይቆጣ "እትዬ፣ ይሄም እስከዛሬ ደህና ነበር" አለኝ።

ጎማው ተጠግኖ እስኪመጣ መንገድ ዳር ቤታቸው ያለ አንዲት ሴትዮ ሁላችንንም ጠርተው ጥላ ስር አስቀመጡን። የተቀቀለ በቆሎ አመጡ። የማሽላ እንጀራ፣ እነሱ ቢዴና የሚሉትን፣ በወተት አረስርሰው ሰጡን። ተሳፋሪው ሁሉ በላ። ቱርክ እያለን ያ ነገር በመጣ ማግስት አንድ የማላውቀው ሰውዬ ከመኪናው ላይ ዳቦ እየወረወረ ሲያድል ነበር፣ ለእኔም ደረሰኝ። የቸገረው ሰው ምን እንደሚፈልግ የሚያውቅ ሰው የትም አገር አለ።

ሴትዮዋ በአማርኛ "ወዴት ናችሁ?" ሲሉኝ እኔ ወሬኛዋ "መቻራ፣ አዴ ዘይነባ ጋ፤ ከልጇ ጋር ቱርክ ነበርኩ" አልኩ። ሀጂ ጎማው ጋ ነበሩ፣ አልሰሙም። ተሳፋሪው ግን ሰማ።

ገለምሶ ላይ ከፊሉ ወረደ፣ ሌላ ተሳፈረ። ከገለምሶ ወዲያ መንገዱ መንገድ አይባልም፤ አቧራው ጥርስ ውስጥ ይገባል። ዳርና ዳሩ ግን ቡና ነው፣ እንዴት ያለ አረንጓዴ! መቻራ የገባነው ፀሐይ ሊያዘቀዝቅ ሲል ነው። ሀጂ አንዲት ሻይ ቤት አስቀመጡኝና "ሽማግሌዎቹን ከመስጊድ ላግኛቸው፣ ከዚህ እንዳትነሺ" ብለው ሄዱ።

ሻዬ ሳይቀዘቅዝ አንዲት ቀጭን ሴት፣ ሻርፗ ወደ ኋላ ወድቆ፣ አንድ እግሯ ጫማ ሳያደርግ እየሮጠች መጣች። ከኋላዋ ከእኛ ጋር የመጣ ተሳፋሪ አለ፣ በጣቱ አሳያት። አፍንጫዋን ሳይ አወቅኳት፤ የኢፍቱ አፍንጫ ነው። ሁለት እጄን ያዘችኝ።

"ነጋ?"

"ነጋ" አልኩ።

"ኢፍቱን ነጋ?"

እኔ የሰማሁት ነጋን ነው። አፌም እንደለመደው መለሰ። "ነጋ።"

እልል አለች! እኔ ምን እንዳልኩ የገባኝ እልልታውን ስሰማ ነው። ሰው ተሰበሰበ፣ እየሳመችኝ፣ አንገቴን አንቃ፣ በሰባራ አማርኛዋ "ልጄ ዳነ! ልጄ ዳነ!" ትላለች። "አይደለም እኮ፣ እናቴ" አልኩ። በአማርኛ ነዋ፣ ያውም በዚያ እልልታ መሐል! ማን ሰምቶኝ። ጎትታ ቤቷ ወሰደችኝ።

ሀጂ ደርሰው ቤቱን ሞልቶ የሚስቀውን ሰው ሲያዩ በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ። ወደ እኔ ዞረው በዝቅተኛ ድምፅ "ምን አልሻት?" አሉኝ።

"ነጋ።"

"ያ ሀቢቢ! ለሰላምታ ነው እንጂ! ስለ ሰው ስም ጠርተው ሲጠይቁሽማ ደህና ናት ወይ ማለታቸው..." አልጨረሱትም። አሁን ልንገራት ብዬ ተነሳሁ። ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝ። ሲመሽ መርዶ አይነገርም፤ ሌሊቱን ብቻዋን ትጋፈጠዋለች አሉ። እንግዲህ እንዴት ልቀመጥ? ተቀመጥኩ። አዴ ዘይነባ ዶሮ አስያዘች። ከገዛ ማሳዋ የለቀመችውን ቡና በጨርቅ እየቋጠረች "ለኢፍቱ አንተ ውሰድ፣ እሺ?" ትለኛለች። ሌላ ቋጠሮ ደግሞ፣ ይሄ ለሐኪሙ ነው፣ አለች። አይ ሰው! ያቺ ምሽት ከመሬት መንቀጥቀጡ ትከፋብኛለች። መሬቱን እኔ አላነቃነቅኩትም።

አራተኛው ቀን፤ መቻራ

"ነጋ፣ ልጄ፣ ተነሺ" አሉኝ ሀጂ በመጋረጃው በኩል፣ በአማርኛ። የጉለሌው ነጋ።

ሽማግሌዎቹ ከመስጊድ ቀጥ ብለው መጥተው ደጁ ላይ ተሰልፈው ቆመዋል። አዴ ዘይነባ የቡናውን ቋጠሮ ልትጨምርልኝ ይዛ ወጣች። ወንድሟን አየች፣ ሽማግሌዎቹን አየች። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አቋቋም ለሌላ ነገር የሚመጣ የለም። ቋጠሮው ከእጇ ወደቀና ፍሬው ደጃፉ ላይ ተበተነ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣

"አንተ ነጋ አልክ" አለች።

ድሮ ሳፍር "መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ" እል ነበር። ያንን አነጋገር ከአንታክያ ወዲህ ትቼዋለሁ፤ ስትውጥ አይቻታለሁ። ያን ጠዋት ግን ሊያመልጠኝ ነበር። ሀጂ የሆነውን ሁሉ፣ ነጋን ራሳቸው እንዳስተማሩኝም ጭምር፣ በኦሮምኛ እያለቀሱ ለእሷም ለሽማግሌዎቹም ነገሩ። እሷ አልሰማችም፤ ጩኸቷ ሰፈሩን ሞላው። ጎረቤት ሴቶች ትናንት እልል ያሉበትን አፍ ይዘው ሊያለቅሱ መጡ። አንዷ አልፋኝ ስትሄድ በአማርኛ "ሰው እንዲህ ይዋሻል?" አለችኝ።

ቀኑን ሙሉ አዴ ዘይነባ ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም። ልሂድ ስል ሀጂ ከለከሉኝ። "ያየሽው አንቺ ነሽ፤ ትጠይቅሻለች፣ ቆዪ።"

ከዚያ በኋላ

ድንኳን ተተክሎ ነበር፣ ለቀስተኛ ከቦኬም ከገለምሶም ይመጣል። ሰዉ ዱአ ያደርጋል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። እኔ ከሴቶቹ ጋር ሽንኩርት እከትፋለሁ፤ እዚያ ማንም ለምን ታለቅሻለሽ አይልም። ያቺ ውሸታም ያለችኝ ሴት ራሷ ቢላዋ እያቀበለችኝ ሰነበተች።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ረፋድ ላይ አዴ ዘይነባ በሀጂ አስጠራችኝ። ምንጣፉ ላይ ከጎኗ ተቀመጥኩ። እንዴት ሞተች አላለችኝም። ስንት ሰዓት ቆየች አላለችም። ሀጂ ሲተረጉሙ ድምፃቸው ተሰበረ።

"ማን አጠባት ነው የምትለው።"

"ሴቶች ናቸው" አልኩ። "የአገሩ እስላም ሴቶች፣ በጎ ፈቃደኞች። ድንኳን ጥለው ነበር። ሲያወጧት ፖሊሱ ምንሽ ናት ሲለኝ እህቴ አልኩ። የአንገቴን ክር አየ፣ የእሷን ሻርፕ አየ፣ ዝም ብሎ እህት ብሎ ጻፈ። እህት ስለተባልኩ ድንኳኑ ውስጥ አስገቡኝ። እነሱ አጠቧት፣ ውሃውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። በነጭ ከፈኗት። ኢማም ሰገደባት፣ ብዙ ወንድ ከኋላው ነበር።"

አዴ ዘይነባ ይህ ሁሉ ሲተረጎምላት ዓይኗን ከእጆቼ አላነሳችም። ሌላ ጥያቄ ጠየቀች። ሀጂ ተረጎሙት።

"ውሃው ቀዝቃዛ ነበር ወይ?"

"አልነበረም፣ እናቴ። ከፈረሰው ቤት በር እንጨት ለቅመው፣ በርሜል ጥደው፣ አሙቀውት ነበር።" ይህን ስል ደስ አለኝ፤ እውነት ስለነበር። እዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ለእሷ ደግ ነገር ሆኖ እውነትም የሆነ ነገር ስነግራት የመጀመሪያዬ ነበር።

ምሳ ሲቀርብ ሀዘንተኛ ከምንጣፉ አይነሳም፤ ሌላው ነው የሚያስተናግደው። እሷ ግን ተነሳች። ሴቶቹ "ቁጭ በይ" ሲሏት አልሰማቻቸውም። ወደ ጓዳ ገብታ ትንሽ ቆየችና ማስታጠቢያውን ይዛ መጥታ እፊቴ ተንበረከከች። ልነሳ ስል በዓይኗ ተቆጣችኝ። እጄን ዘረጋሁ። ውሃው ሞቅ ያለ ነው። ቀስ አድርጋ አፈሰሰች፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ በእጇ አሸች፣ እንደገና አፈሰሰች። ከዚያ በራሷ አማርኛ፣ ያለ አስተርጓሚ፣

"እንዲህ ነበር? እንዲህ ሞቀ?" አለችኝ።

"ከዚህ ትንሽ ይሞቃል" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ጓዳ ተመልሳ ሌላ ውሃ ጨመረችበትና መጣች፣ እስኪያልቅም እጄ ላይ አፈሰሰችው።